ቁም ሳጥን ላይ የተበላሸው የጣሊያን ወይን

ዛሬ የምጽፈው ስለ ማዳበሪያም ስለ ተምችም አይደለም። ስለ አንድ ጠርሙስ ወይን ጠጅ ነው። «ይሄ ባለሙያ ደግሞ ምን ነካው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ብዙዎቻችሁ ወይን ጠጅ አትቀምሱም፣ ሃይማኖታችሁም አይፈቅድም። እኔም ጠጡ ልላችሁ አይደለም። ግን ታገሱኝና እስከ መጨረሻው አንብቡት። ነገሩ ከጠርሙስ ቢጀምርም የሚያልቀው እናንተ ማሳ ላይ ነው።

ከዚራ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ አንድ አሮጌ ግቢ፣ በረንዳውን ሙሉ የሸፈነ የወይን ሐረግ አለ። ከዚራ እንደምታውቁት ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ የተቆረቆረ ሰፈር ነው። ፈረንሳዩም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ጣሊያኑም ኖሮበታል። ያንን ሐረግ ማን እንደተከለው የግቢው ባለቤት እንኳ አታውቅም፤ ቤቱን ስትገባበት ነበረ። እኔ እትዬ እላታለሁ፣ እሷ «አንተ ልጅ» ትለኛለች። እንደ ድሬ ልማድ አንቱታ መሃላችን የለም።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ የወንድሟ ልጅ ከጣሊያን አገር፣ ከቬሮና ከተማ አካባቢ ሲመጣ ሁለት ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዞላት መጣ። አማሮኔ ይባላል። ልጁ ከሱቅ አልገዛውም። በወይን ለቀማ የሠራበት አንድ ቤተሰብ ከራሱ ማሳ ለቅሞ፣ በራሱ ጓዳ አስረጅቶ፣ በራሱ ስም የሚሸጠው ወይን ነው።

አንዱን ለገና ከፈትነው። እኔም አንድ ብርጭቆ ቀመስኩ። መልኩ እንደ ሮማን ጭማቂ ጥቁር ቀይ ነው። አፍንጫችሁን ስታስጠጉት መጀመሪያ ዘቢብ ዘቢብ ይላል፣ ትንሽ ሲቆይ የተቆላ ቡናና ኮኮዋ ይመጣል። ስትቀምሱት እንደ ወፍራም ሻይ አፍን ያዝ ያደርጋል። ያ ከወይኑ ልጣጭና ፍሬ የሚወጣው ታኒን የሚባለው ነገር ነው፤ ወይኑን ለዓመታት ጠብቆ ከሚያቆዩት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። አይጣፍጥም ስላችሁ እንደ ስኳር አይጣፍጥም ማለቴ ነው። ከዋጣችሁት በኋላ ግን ጣዕሙ አፍ ውስጥ ቆይቶ ይሄዳል። አልኮሉ ደግሞ ጠንካራ ነው፣ በደንቡ ቢያንስ 14 በመቶ መሆን አለበት።

ሁለተኛውን እትዬ «ለልጄ ሠርግ» ብላ ቁም ሳጥን ላይ አቆመችው። ሠርጉ ዘገየ። ሁለት ግንቦትና ሁለት ሰኔ አለፈበት። በመጨረሻ ለፋሲካ ይከፈት ተባለ። ጠርሙሱን ሳወርደው ቡሹ ወደ ላይ ተገፍቶ፣ በጎኑ ያንጠባጠበው ደርቆ ነበር። ቀዳሁት፣ ቀለሙ ወደ ቡኒ ሄዷል። ሽታው የተቀቀለ ቲማቲም ላይ ኮምጣጤ እንደተደፋ ነው። እትዬ ተናደደች።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን ልጅ አጭበረበሩት እንዴ? ኮምጣጤ ነው የሸጡለት!»

ማንም አላጭበረበረውም። ወይኑን የገደልነው እኛ ነን።

ጠርሙሱን ምን ገደለው?

ወይን ጠጅ በጠርሙስ ውስጥም ሆኖ አይተኛም፤ ቀስ እያለ ይለወጣል። ቀስ ብሎ ሲለወጥ ይበስላል፣ ቶሎ ሲለወጥ ይሞታል። የሚያረጁት ሰዎች ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሙቀት ባለው፣ ጨለማና ዓመቱን ሙሉ በማይለዋወጥ ጓዳ ያስቀምጡታል። ጠርሙሱን ያጋድሙታል፤ ቡሹ በወይኑ ረጥቦ እንዲቆይና ደርቆ አየር እንዳያስገባ ማለት ነው። የእኛ ጠርሙስ ደግሞ ቆሞ ነበር፣ ያውም ቁም ሳጥን ላይ፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ አንድ ክንድ ርቆ። ከቤቱ ሁሉ ሞቃቱ ቦታ ማለት እሱ ነው። በግንቦት ድሬዳዋ ውጪው ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን እዚያ ላይ ምን ያህል እንደሚሆን እናንተው ገምቱ። ሙቀቱ ወይኑን አስፋፋው፣ ወይኑ ቡሹን ገፋው፣ አየር ገባ። አየር ሲያገኝ አልኮልን ወደ ኮምጣጤ የሚቀይር ባክቴሪያ አለ። ጠጅ የምትጥሉ እናቶች ይሄን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ምክሬ አጭር ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር በስጦታ ከደረሳችሁ በድሬ ቤት ውስጥ አስረጃለሁ አትበሉ። አጋድማችሁ፣ ከወለሉ አጠገብ፣ ፀሐይ በማይነካው ወፍራም ግድግዳ ጥግ አስቀምጡትና ሙቀቱ ሳይገባ ጨርሱት። ወይም ለሚጠጣ ሰው ስጡት። ለጥቂት ወራት ከሆነ ፍሪጅ እንኳ ከቁም ሳጥን በብዙ ይሻላል።

ዛሬ የምጽፈው ግን በጠርሙሱ ምክንያት ብቻ አይደለም። እትዬ ኮምጣጤውን ከደፋች በኋላ በእጇ ወደ በረንዳው ጠቆመች።

«ያኛውም እንዲሁ ነው። ዓምና ጨምቄ በጄሪካን አስቀመጥኩት፣ ኮመጠጠ። ጥሬውን ቀፊራ ላኩት፣ አይጣፍጥም ብለው በርካሽ ወሰዱት። የልጅ ልጄ ሐረጉን ነቅለን ሁለት ክፍል ሠርተን እናከራይ ይላል። ምን ትላለህ?»

ይሄ ጥያቄ የእሷ ብቻ አይደለም። በኤረር በኩልም፣ በጀልዴሳ በኩልም፣ ጓሮው ውስጥ ጥቂት ግንድ ወይን ያለው ሰው ይሄንኑ ይጠይቀኛል። «ቦታና ውኃ ይፈጃል፣ ምን አገኘሁበት?» ነው ጥያቄው። እኔ መልሴ አንድ ነው፤ አትንቀሉት። ግን እስካሁን እንዳያያዛችሁትም አትያዙት።

ቬሮና ያለው ቤተሰብ ምን ያደርጋል?

አማሮኔ የሚሠራው ቫልፖሊቼላ በሚባል፣ ከቬሮና በስተሰሜን ባለ ኮረብታማ አገር ነው። እነ ኮርቪናና ሮንዲኔላ ከሚባሉ የአገሩ ዝርያዎች ይሠራል። ልዩ የሚያደርገው ዘዴው ነው። በመስከረም ገደማ የለቀሙትን ወይን ወዲያው አይጨምቁትም። ጤነኛውን ዘለላ ብቻ መርጠው፣ ነፋስ በሚያገኝ ቆጥ ላይ፣ በቀርከሃ ወይም በእንጨት መደርደሪያ፣ ሳይደራረብ ያሰጡታል። ሦስትና አራት ወር እዚያ ይቆያል። ከክብደቱ ሲሶውን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። መቶ ኪሎ ያስገባ ሰው ስልሳና ሰባ ኪሎ ያወጣል ማለት ነው። ውኃው ሲሄድ ስኳሩና ጣዕሙ ይቀራል። ጨምቀው ካፈሉት በኋላ ደግሞ በደንቡ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳያስረጁ አይሸጡትም። ስሙ «አማሮ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው፣ መራራ ማለት ነው። ከዚያው ከደረቀ ወይን የሚሠራው ጣፋጩ ወንድሙ ሬቾቶ ይባላል።

አሁን ልብ በሉ። ያ ቤተሰብ ሦስት ነገር አድርጓል። ሳይበስል አልለቀመም። የታመመውን ከጤነኛው አልደባለቀም። ከለቀመ በኋላ ደግሞ አልቸኮለም። እኛ ሦስቱንም በተቃራኒው እናደርጋለን። ወፍ ሳይበላብን ብለን ጥሬውን እንቆርጣለን፣ የሻገተውን ከዘለላው መሃል ደብቀን እንሸጣለን፣ ገንዘቡን ደግሞ ዛሬ ማታ እንፈልጋለን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

«እነሱ ጋ ብርድ አለ፣ እኛ ጋ የለም» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ስለዚህ ነው ወይን ጠጅ ጥመቁና በጓዳችሁ አስረጁ የማልላችሁ። እዚሁ አገራችን ወይን ጠጅ የሚሠሩት አቅማቸው ሌላ ነው። አዋሽ ወይን ጠጅ ለአሥርተ ዓመታት የቆየ ፋብሪካ ነው። ካስቴል ዝዋይ ላይ ከፈረንሳይ ችግኝ አምጥቶ ተክሎ፣ ጅብና ጉማሬ እንዳይገባ በማሳው ዙሪያ ቦይ ቆፍሮ፣ የመጀመሪያ ምርቱን እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ አወጣ። ዝዋይ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1600 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ከጎኑ ሐይቅ አለው። ፋብሪካው ደግሞ በማሽን ያቀዘቅዛል። ከዚራ 1200 ሜትር ገደማ ነው። ጄሪካንና ቆርቆሮ ቤት ይዘን ከነሱ ጋር አንወዳደርም።

ታዲያ ያ ቤተሰብ ሦስት ወር በቆጥ ላይ የሚደክምበትን ማድረቅ፣ የእኛ ፀሐይ በሁለትና በሦስት ሳምንት ይጨርሰዋል። ጠርሙሱን የገደለው ሙቀት ዘቢብ ይሠራል። ይሄ ነው የእኔ ሐሳብ፤ ሙቀታችን ጓዳ ውስጥ ጠላት ቢሆንም ጣሪያ ላይ ወዳጅ ነው።

መጀመሪያ መቅመስ ልመዱ

አንድ ነገር ከያዛችሁ ይሄን ያዙ። ሙዝ፣ ማንጎና ፓፓያ ከተቆረጡ በኋላ ይበስላሉ። ወይን አይበስልም። ጥሬውን ከቆረጣችሁት ጥሬ ሆኖ ይቀራል። ገለባ ውስጥ ብትቀብሩትም ይጠወልጋል እንጂ ስኳር አይጨምርም። የእትዬ ወይን ቀፊራ ላይ የረከሰው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከመቁረጣችሁ በፊት ቅመሱ። የምትቀምሱትን ፍሬ ከዘለላው ጫፍ፣ ከታች ውሰዱ። የላይኛው ትከሻ ቀድሞ ይበስላል፣ ጫፉ ይዘገያል። ጫፉ ከጣፈጠ ዘለላው ደርሷል። ፍሬውን በጥርሳችሁ ሰንጥቁና ዘሩን እዩት። አረንጓዴ ከሆነ አልደረሰም፣ ቡኒ ሆኖ ሲሰበር ቀጭ የሚል ከሆነ ደርሷል። ዘር የሌለው ዝርያ ከሆነ በጣዕሙ ፍረዱ። ከአንድ ሐረግ አንድ ፍሬ ቀምሳችሁ አትወስኑ፤ ፀሐይ ከሚያገኘው ጎንም ከጥላውም፣ ከአራት አምስት ዘለላ ቅመሱ። የስኳር መለኪያ መሣሪያ ያለው ባለሙያ በአቅራቢያችሁ ካለ አስለኩት። ለትኩስ መብል ከ16 እስከ 18 ብሪክስ በቂ ነው፤ ለዘቢብ ግን ከ20 በላይ ቢሆን ይመረጣል። ስኳሩ ያነሰ ወይን ሲደርቅ ልጣጭ ብቻ ይሆንባችኋል።

ወፉንስ? ወፍ የሚመጣው መብሰሉን ስለሚያውቅ ነው። መፍትሔው መረብ ማልበስ ነው። አቅም ከሌለ ዘለላውን በስስ ጨርቅ ወይም በወረቀት ከረጢት ሸፍኑት። ፌስታል አታልብሱት፣ ያፍነዋል።

ቆረጣውና ቀኑ

እዚህ አገር ብርድ ስለሌለ ሐረጉ እንደ አውሮፓው ቅጠሉን አራግፎ አይተኛም። ዕረፍት የምትሰጡት እናንተ ናችሁ፣ በውኃና በመቀስ። የእትዬ ሐረግ ለስንት ዓመት ሳይቆረጥ ቆይቶ ቅጠል ብቻ ሆኗል። ወይን የሚያፈራው ዘንድሮ በሚወጣው ቀንበጥ ላይ ነው፣ ያ ቀንበጥ ደግሞ ዓምና ካደገው እንጨት መውጣት አለበት። ካልቆረጣችሁ ፍሬው እየራቀ፣ እያነሰ፣ ጥላ ውስጥ እየተደበቀ ይሄዳል።

እኔ የምመክረው ከመስከረም አጋማሽ በኋላ፣ ክረምቱ ሲወጣ ውኃውን ለሁለት ሦስት ሳምንት ከልክላችሁ መቁረጥ ነው። ከዚያ ውኃ ስጡት። ከቆረጣ እስከ ለቀማ እንደ ዝርያው ከአራት እስከ አምስት ወር ይፈጃል። ስለዚህ ፍሬው በጥርና በየካቲት ይደርሳል። የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ በደረቁ አየር ለቅማችሁ በደረቁ ታሰጡታላችሁ ማለት ነው። ፍሬው መብሰል ሲጀምር ውኃውን ቀንሱ፤ ውኃ የበዛበት ወይን ይፈነዳል፣ ጣዕሙም ይቀጥናል።

ቅጠሉና ፍሬው ላይ ዱቄት የሚመስል ነጭ ሻጋታ ካያችሁ የድኝ ርጭት ይረዳል። ግን በጠዋት ብቻ ይረጭ። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ድኝ ራሱ ቅጠሉን ያቃጥላል። በቀትር ረጭታችሁ «መድኃኒቱ ገደለው» እንዳትሉ።

ዘቢቡን እንዴት?

በጠዋት፣ ጤዛው ሲለቅ ልቀሙ። የሻገተውን፣ የፈነዳውን፣ ወፍ የነካውን አንድ በአንድ አውጡ። አንድ የሻገተ ፍሬ ሙሉውን ወንፊት ያበላሻል። ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ፣ አየር ከታችም በሚያስገባ መረብ ወይም ንጹሕ ሰሌን፣ ሳይደራረብ አስጡት። ዝንብና አቧራ እንዳይገባ በስስ መረብ ሸፍኑ። በየሁለት ቀኑ አገላብጡ። ማታ ጤዛ ካለ ወይም ደመና ከመጣ ሸፍኑት። በእጃችሁ ጨብጣችሁ ስትለቁት ሳይጣበቅ ከተበተነ፣ ስትጨምቁት ጭማቂ ካልወጣው ደርሷል። ከዚያ በሚገጥም ንጹሕ ዕቃ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ዘቢብ እንደ አማሮኔ የቀዘቀዘ ጓዳ አይለምናችሁም፣ ደረቅ ቦታ ይበቃዋል።

ገዢውስ? ለኦርቶዶክሱ፣ የቅዳሴው ወይን ከዘቢብ ተዘፍዝፎ እንደሚዘጋጅ ታውቃላችሁ። ለሙስሊሙ ዘቢብ ሐላል ምግብ ነው፣ በረመዳን ከቴምሩ ጎን ይቀመጣል። ጣፋጭ የሚሠራውም፣ ሩዝ የሚሠራውም ይፈልገዋል። ወይን ጠጅ ቢሆን ግማሻችሁን ያስቀረ ነበር፣ ዘቢብ ግን ሁላችንንም ያስማማል።

ሂሳቡን ሳትሠሩ አትጀምሩ

አንድ ኪሎ ዘቢብ ለማግኘት አራት ኪሎ ያህል ትኩስ ወይን ያስፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀፊራ ሂዱ። ዘቢብ ስንት ነው? ከየት ነው የመጣው? ዘር ያለውን ይገዛሉ ወይስ የሌለውን ብቻ? ብላችሁ ጠይቁ። በዚያው ቀን የትኩሱን ዋጋ ጠይቁ። የዘቢቡ ዋጋ ከትኩሱ ከአራት እጥፍ በደንብ ካልበለጠ ድካማችሁን አይከፍልም። ያን ጊዜ ትኩሱን ሽጡ። ያውም በስሎ፣ ጎህ ሲቀድ ተለቅሞ፣ ሳይታጠብ፣ በጥላ ተጉዞ፣ በዚያው ቀን። እኔ ዘቢብ ሥሩ ያልኳችሁ ስለወደድኩት አይደለም፤ ገበያው ትኩሱን በማይፈልግበት ቀን ሁለተኛ በር እንዲኖራችሁ ብዬ ነው።

«ጫት አይሻልም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ጫት ቶሎ ገንዘብ ይሰጣል፣ አልክድም። አዲስ የተተከለ ወይን ደግሞ ደህና ፍሬ ለመስጠት ሁለትና ሦስት ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ ጫታችሁን ነቅላችሁ ወይን ትከሉ አልልም። ይሄን የሚል ባለሙያ ካለ ኑሯችሁን አያውቅም። እኔ የምለው ያለውን አትንቀሉ ነው። ከስንት ዓመት በፊት ሥር የሰደደ ግንድ የሁለት ሦስት ዓመቱን ጥበቃ አስቀድሞ ከፍሎላችኋል። የጎደለው መቀስና ትዕግሥት ነው። አዲስ መትከል የፈለገ ከአምስት ግንድ አይለፍ፤ ከመትከሉም በፊት ስለ ዝርያው ባለሙያ ይጠይቅ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ቦታ፣ ቶኒ እርሻ፣ እዚሁ ድሬዳዋ ነው ያለው።

አንድ ነገር ጨምሬ ልተው። ያ የቬሮና ቤተሰብ ጠርሙሱ ላይ የቤተሰቡን ስም ጽፏል። ስሙን የጻፈ ሰው ጥሬ አይሸጥም፣ የሻገተም አይደብቅም፣ ምክንያቱም ገዢው ተመልሶ የሚመጣው ወደ እሱ ነው። የእኛ ወይን ቀፊራ ሲደርስ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ የጎበዙም የሰነፉም ዋጋ አንድ ነው። ዘቢባችሁን በከረጢት ስታደርጉ ስማችሁን፣ ቀበሌያችሁንና የለቀማችሁበትን ወር በእስክሪብቶ ጻፉበት። ወጪው አንድ ወረቀት ነው። የሚያሳፍራችሁ ከሆነ ዘቢቡ ገና ለገበያ አልደረሰም ማለት ነው።

እትዬስ ምን ወሰነች? እኔ፣ እሷና የልጅ ልጇ በረንዳው ሥር ቁጭ ብለን ተከራከርን። ልጁ ሞኝ አይደለም። የኪራይ ገንዘብ በየወሩ ይመጣል፣ ወይን ግን በዓመት አንዴ ነው። ትክክል ነው አልኩት። በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማማን። ለአንድ ዙር ብቻ ይሞከር። መስከረም ላይ መጋዙን ይዞ የቆረጠው ራሱ ልጁ ነው። አያቱ «ገደልከው!» እያለች ዓይኗን ሸፍና ነበር። በአሥራ አምስተኛው ቀን ከደረቀው ከሚመስለው እንጨት አረንጓዴ ዐይን ወጣ፤ ፎቶውን ልኮልኛል። አሁን ዘለላው የሽምብራ ፍሬ አክሏል። ልጁ እስከ የካቲት ጊዜ ሰጥቶናል። ሂሳቡ ካልወጣ ይነቅለዋል፣ እኔም አልከለክለውም።

እናንተም ከመንቀላችሁ በፊት አንድ ዙር ስጡት። ቆርጣችሁ፣ ጠብቃችሁ፣ ከጫፉ ቀምሳችሁ ፍረዱ። የዘለላችሁን ፎቶ በቴሌግራም ላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ደህና ሰንብቱ።